ኮከብ የዘለለቻቸው መስመሮች

ሰው ደብዳቤ ሲነበብለት ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይቸግረዋል። እኔ የማየው የልጄን የኮከብን አፍ ነበር። ግዛቸው ከታይላንድ የሚልከው ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ኮከብ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ኮረሪማ የምለቅምበትን ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። ጎረቤቴ ወለተሥላሴ ደግሞ ማንም ሳይጠራት ነጠላዋን እያስተካከለች ትገባለች። ፖስታ የሚሸታት ይመስለኛል።

«ለተከበርሽው ለአሰለፈች፣» ብላ ጀመረች ኮከብ። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያለሁበት መንደር በሰሜን በኩል ተራራ ላይ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ሲነሣ ቦንጋን ይመስላል። ቤቱ ሁሉ ግን በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ነው፤ ከሥሩ ዶሮና ውሻ ይተኛል። ጫማውን ሳያወልቅ ቤት የሚገባ የለም። እኔ የመጀመሪያ ቀን ማሰሪያው ረጅም ጫማ አድርጌ ሄጄ፣ ስፈታ ሰው ሁሉ በልቶ ጨረሰ።»

ወለተሥላሴ ሳቀች። «ምስኪን! ባዶ እግሩን ነው እንግዲህ?»

«ይቆዩ እትዬ፣ ላንብበው» ብላ ቀጠለች ኮከብ። «ሰው ሲገናኝ ደህና ነህ አይልም፤ ሩዝ በልተሃል ወይ ነው የሚለው። አልበላሁም ካልኩ እጄን ይዘው ይጎትቱኛል። በልቻለሁ ካልኩ ደግሞ ምን በላህ ብለው ይመረምሩኛል። ሩዙ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ነው፤ በእጅ ቆንጥረው፣ አድቦልቡለው፣ ወጥ አስነክተው ይጎርሱታል። እኔም እጄን ታጥቤ እንደነሱ ስጎርስ አጨበጨቡልኝ። ፈረንጅ ቁንጥር ማድረግ አቅቶት አይተው ስለሚያውቁ ነው። በበርበሬ ያደግሁ ሰው ነኝ ብዬም ፎክሬባቸው ነበር። የእነሱ ሚጥሚጣ ግን አስለቀሰኝ።» ኮከብ ትንፋሿን ሰበሰበችና ወረቀቱን አጠፈች። «ሰላምታዬ ይድረስሽ። ግዛቸው። አለቀ።»

«አለቀ?» አልኩ። «ወረቀቱ እኮ በሁለቱም በኩል ሙሉ ነው።»

«ጽሑፉ ትልልቅ ነው እማዬ።»

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ትልልቅ ነው ካለች ትልልቅ ነው። ኮረሪማዬን መልቀም ቀጠልኩ፤ ልቤን ግን የሆነ ነገር ቀዝቀዝ አደረገው። ያ ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ወረቀት ስለ ሩዝ ብቻ እንዴት ያወራል?

ግዛቸውን ያወቅሁት በጠብ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የንብ ባለሙያ ነበር፤ ሳያገባ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ዝምተኛ። አንድ ቅዳሜ ማርና ኮረሪማ ወደምሸጥበት ወደ ቦንጋ ገበያ መጥቶ ማሬን ቀመሰና ደንበኞቼ እየሰሙ «ጭስ ጭስ ይላል» አለኝ።

«ጌታዬ፣» አልኩት፣ «የእኛ አገር ንብ ደብዳቤ ተጽፎላት ከቀፎ አትወጣም። ጭስ ነው የሚያስወጣት።»

ገበያው በሳቅ አለቀ። እሱ ግን አልተቆጣም። በሳምንቱ እኔ ማር ወደምገዛበት ወደ ዋጫ ገጠር ወረደና ለገበሬዎቹ በጥቂት ጭስ እንዴት እንደሚቆረጥ አሳያቸው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይቀምስልኝ ነበር። ቀምሶ ሲጨርስ ዓይኑ እኔ ላይ ይቆያል። እኔ ባሌ የሞተብኝ ስምንት ዓመት ሆኖኝ፣ የደረሰች ልጅ ይዤ፣ እንደ ኮረዳ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስብ ነበር።

በመስከረም 1996 መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ዓመት ተኩል ወደ ታይላንድ ላከው፤ የዚያ አገር ተራራ ሰዎች በዛፍ ጥላ ሥር ቡናና ንብ እንዴት አንድ ላይ እንደሚይዙ እንዲያይ። ሊሰናበተኝ መጥቶ «ደብዳቤ ብጽፍልሽ ታነቢዋለሽ?» አለኝ።

ዲግሪ ያለው ሰው ፊት ማንበብ አልችልም ማለት ሞት መሰለኝ። «አዎ፣ አነባለሁ» አልኩ። የውሸቴ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ናት።

—

በሰኔ ወር የመጣው ፖስታ ውስጥ ፎቶ ነበረ።

ግዛቸው ምንጣፍ ላይ እግሩን ወደ ጎን አጥፎ፣ መዳፎቹን ገጥሞ ተቀምጧል። አጠገቡ ፀጉሯ እስከ ወገቧ የወረደ፣ አዲስ ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት አለች። ከፊታቸው በቅጠልና በአበባ የተሠራ እንደ ጎጆ ጣሪያ የሾለ ነገር ቆሟል፤ ዙሪያውን ሩዝና እንቁላል። ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው በሁለቱም እጅ ላይ ነጭ ክር እያሰሩ ነው።

ወለተሥላሴ ፎቶውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «እሰይ! ሙሽራ ናታ!»

«ምኗ ነው ሙሽራ?» አለች ኮከብ።

«ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ሽማግሌ ሰብስበው፣ አበባ አቁመው፣ እጅ እያሰሩ? እና ምንድን ነው ይሄ፣ የቀበሌ ስብሰባ ነው?»

ኮከብን አየኋት። «ደብዳቤው ምን ይላል?»

ልጄ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይህ ፎቶ የተነሣው የቤቱ ባለቤቶች ክር ባሰሩልኝ ቀን ነው። አጠገቤ ያለችው ልጃቸው ናት።» ጣቷ ገጹን ቁልቁል ወረደ። «ሰላምታዬ ይድረስሽ። ግዛቸው።»

ሌላ ምን ይባላል? በእኛ ዘንድ ክር የሚታሰረው በአንገት ነው፤ በክርስትና ቀን። ማተብ ያሰረ ሰው የዚያ ቤት ልጅ ሆነ ማለት ነው፤ ሲሞትም ከነክሩ ይቀበራል። ግዛቸውን አስረውታል። ከእንግዲህ የሌላ የማንም አይደለም፣ የነሱ ሆኗል።

«ጻፊ» አልኳት ኮከብን። «እንኳን ደስ ያለህ በዪው።»

እስክሪብቶዋን ነከሰች። «ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

በነሐሴ ደብዳቤ መጣ። «አትክፈቺው፣ ሳጥን ውስጥ ጣዪው» አልኩ። በየካቲት ሌላ መጣ። እሱንም እንደታሸገ ሳጥኑ ውስጥ ከተትነው። ገበያ ላይ የሚቀምስ ሰው ሲመጣ ብልቃጡን ወደ ጎን እያስጠጋሁ «ልክ እንዳለፈው ቅዳሜው ነው፣ መቅመስ አያስፈልግም» እል ነበር። ማር ይመርረኝ ጀምሮ ነበር።

—

ትምህርት የገባሁት ግን በግዛቸው ምክንያት አይደለም። በኮከብ ምክንያት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጎበዝ ናት፤ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ለመጨነቅ የተፈጠርኩ ሴት ነኝ። ልጄ ከሩቅ አገር ታምሜያለሁ ብላ ብትጽፍልኝስ? ደብዳቤዋን ይዤ፣ ወለተሥላሴን አስከትዬ የሚያነብ ሰው ፍለጋ በየደጁ ልዙር? ይህን እያሰብኩ ለኮከብም ሳልነግር ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከገበያ መልስ በአሥር ሰዓት።

መምህራችን ኢሳያስ የሚባል ልጅ እግር ነው። ፊደል መንካት ስፈራ እያየ «እትዬ አሰለፈች፣ ፊደል አይናደፍም፤ እርስዎ ከንብ ጋር የኖሩ ሰው አይደሉ?» ይለኛል። ወራቱ አለፉ። ጾም ሲገባ አንድ ቀን ቾኩን አስቀመጠና «ከእንግዲህ እኔን አትጠብቁ» አለን። «ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ። የሳሙና ወረቀትም ቢሆን።»

የሳሙናውን ወረቀት አነበብኩ። የመድኃኒት ካርቶን አነበብኩ። የኮከብን ደብተር ሽፋን አነበብኩ። ቤት ውስጥ ሌላ ጽሑፍ ሲጠፋ፣ ሚያዝያ 3 ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ኮከብ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ሳጥኑን ከፈትኩ።

እጄ መጀመሪያ የነካው ፎቶው ያለበትን ደብዳቤ ነው። የዚያን ደብዳቤ ቃል በቃሌ ስለማውቀው ቀላል ይሆንልኛል ብዬ አሰብኩ። ጣቴን እያስከተልኩ ጀመርኩ። ክር ባሰሩልኝ ቀን። አጠገቤ ያለችው ልጃቸው ናት። ቀጥሎ ሰላምታዬ ይድረስሽ የሚለውን ፈለግሁ። አልነበረም። ገና ብዙ መስመር አለ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ጀመርኩ። እንደገናም አልነበረም። እያንዳንዷን ፊደል እንደ ኮረሪማ ፍሬ እየለቀምኩ ወረድኩ፤

«ነርስ ለመሆን ወደ ከተማ ልትሄድ ስለሆነ እሷንም እኔንም አንድ ላይ መረቁን። እዚህ አገር ሰው ከሚወደው ሲርቅ ነፍሱ ሙሉ በሙሉ አብራው አትሄድም ይላሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎች ይጠሩለትና እንዳትጠፋበት በክር እጁ ላይ ያስሩለታል። የኔን ሲጠሩ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝና የዚህ ሰው ነፍስ አልመጣችም፣ የት ነው የተውካት አሉኝ። ቦንጋ ገበያ ውስጥ፣ ማር የምትሸጥ ሴት ዘንድ አልኳቸው። ሁሉም ሳቁ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም። አንድ ክር ጨምረው አሰሩልኝ፤ ይህችን የምትፈታት እሷ ናት አሉኝ። አሰለፈች፣ ክሯ እጄ ላይ ናት። ማተቤም አንገቴ ላይ ነው፤ አትሥጊ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ፊደሎቹ ይዋኙ ጀመር። ዓይኔን በነጠላዬ ጠርጌ ሌሎቹን አወጣሁ። ሚጥሚጣው አስለቀሰኝ ካለው በታች፤ «ያለቀስኩት በእሱ ብቻ ግን አይደለም። ማሩን በጣትሽ ቀምሰሽ ዓይንሽን ትንሽ ጨፈን የምታደርጊው ነገር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምመጣው እሱን ለማየት ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማር ሆዴን ያመኛል። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ሥራዬን ያሳጣኛል።»

ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። የንብ ባለሙያው! ስንት ቅዳሜ ሆዱን እያመመው!

በየደብዳቤው እንደዚህ ነበር። በጎሽ ስለሚታረስ ማሳ ጽፎ ከሥሩ ስለ እኔ። ጎህ ሲቀድ ብርቱካንማ ልብስ የለበሱ መነኮሳት በባዶ እግር ሲያልፉ፣ ሴቶች ከደጃቸው ተንበርክከው ትኩስ ሩዝ እንደሚሰጧቸው ጽፎ ከሥሩ ስለ እኔ። እኔ ቀዝቃዛ ሰው ነው ያልኩት በየገጹ ሥር ሲነድ ኖሯል።

የታሸጉትን ቀደድኩ። የነሐሴው አጭር ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ ብለሽኛል። በምን ይሆን? ሽልማት አላገኘሁም፤ ንቦቹም ነድፈውኛል። ቅር ያሰኘሁሽ ነገር ካለ ንገሪኝ።» ከዚያ የየካቲቱን ከፈትኩ።

«ሦስት ዓመት ጨምረህ ተቀመጥ ብለውኛል። በእኛ ሚያዝያ 5 የእነሱ አዲስ ዓመት ይገባል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ትልቁም ትንሹም መንገድ ላይ ወጥቶ ውሃ ይራጫል። በዓሉ እንዳለቀ ሊያስፈርሙኝ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ብመለስ ታገቢኛለሽ? ከጎጃም የመጣሁ ብሆንም ቤቴ ቦንጋ እንዲሆን እፈልጋለሁ። መልስሽ ካልደረሰኝ ፈቃድሽ አለመሆኑን አውቄ እፈርማለሁ፤ ዳግመኛም አላስቸግርሽም።» ከሥሩ የመንደሩ ሹም ቤት የስልክ ቁጥር ነበረ።

ስነሣ አጠገቤ የነበረው ሰፌድ ተገልብጦ ኮረሪማው ተበተነ። አላነሣሁትም። በአንድ ቀን ውስጥ እንዲህ ተወድጄና እንዲህ ዘግይቼ አላውቅም።

—

ኮከብ ለምሳ ስትመጣ ደብዳቤውን ዘረጋሁላት። «ይቺን ሳጥን ውስጥ አገኘኋት። እስቲ አንብቢልኝ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄን? አንብቤልሽ የለ።»

«ድገሚልኝ።»

ተቀመጠች። «ክር ባሰሩልኝ ቀን ነው። አጠገቤ ያለችው ልጃቸው ናት።» እንደዚያን ቀኑ ጣቷ ቁልቁል ወረደ። «ሰላምታዬ ይድረ...»

ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። «ከዚህ፣ እስከዚህ ያለውስ?»

ጣቴን አየች። እኔን አየች። እንደገና ጣቴን አየች። «እማዬ?» አለች በቀጭኑ። «ማንበብ ቻልሽ?»

«ነርስ ለመሆን ወደ ከተማ ልትሄድ ስለሆነ» አልኩ፣ ቃል በቃል እያነበብኩ።

ልጄ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። በደስታ ይሁን በፍርሃት እሷም አላወቀችውም መሰለኝ፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። «ምን ላድርግ እማዬ! ዓይንሽን ጨፈን ስታደርጊ ምናምን የሚለውን ለገዛ እናቴ እንዴት አድርጌ ላንብብ? ያውም እትዬ ወለተሥላሴ አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠው! አፍሬ ሞትኩ እኮ!»

ሳቄ መጣ፤ ያዝኩት። «እሺ፣ ያኛውስ እፍረት ይሁን። ፎቶው ሲመጣስ? አገባ ብዬ አልጋ ላይ ስወድቅ እያየሽ?»

ሳቋ ጠፋ። ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች፤ ሕፃን ሆና ታደርገው እንደነበረው።

«አባባ ከሞተ ሁለታችን ብቻ ነን» አለች። «እኔ ስሄድ አንቺ እዚህ ቤት እንዳለሽ እያሰብኩ ነው የማጠናው። ሰውዬው ጎጃም ይዞሽ ቢሄድ የምመለሰው ወዴት ነው? ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ... ከዚያ አንቺም አትክፈቺ አልሽኝ። ይቅር በዪኝ።»

ምን ብዬ ልቆጣት? ለልጄ ስል ፊደል የቆጠርኩ እኔ፣ እሷም ለእኔ ስትል ፊደል ደበቀች። ጭንቀቷን የወረሰችው ከእኔ ነው።

«የኔ ሞኝ» አልኩ ፀጉሯን እየዳሰስኩ። «እኔን ማን ይወስደኛል? ከቦንጋ ገበያ በግሬደርም አልነሣም። እንኪ፣ ይሄኛውን አንብቢው።»

የየካቲቱን ደብዳቤ ሰጠኋት። ዓይኗ መስመር ለመስመር ሮጠ። ድንገት ተስፈንጥራ ተነሣች። «እማዬ! ሚያዝያ 5 እኮ ከነገ ወዲያ ነው!»

«ደብዳቤ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ ወር!»

«እንግዲያው አብቅቷል ማለት ነው» አልኩ።

ኮከብ ቁጥሩ ላይ ጣቷን አደረገች። ቅድም ያለቀሰው ዓይኗ አሁን ያበራ ነበር። «አላበቃም» አለች። «ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ።»

ከጎኔ እንደዚያ ስትቆም ልጅ ሳይሆን እኅት ያገኘሁ መሰለኝ።

—

የዚያን ቀን ቴሌ ስንደርስ መስመር የለም አሉን። በማግስቱም የአዲስ አበባ መስመር አልገባ አለ። ረቡዕ፣ ሚያዝያ 5፣ ሳይከፈት በር ላይ ደረስን። ወለተሥላሴም ተከትላናለች፤ «ራስሽን ስተሽ ብትወድቂስ?» ብላ።

የስልክ ሠራተኛዋ ዙፋን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ታይላንድ? እሷ ደግሞ የት ናት?»

«ከህንድ አልፎ» አለች ኮከብ።

«ማን አለሽ እዛ?»

«የ... የንብ ባለሙያ» አልኩ።

ከኋላ ተሰልፎ የነበረው ሁሉ ሳቀ። አዲስ አበባ ያለ ልጃቸውን ሊያናግሩ የመጡ ጋሽ ገብረሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ «ተዉአት፣ ንብም ዘመድ ነው» አሉ።

ስንት ሰዓት እንደጠበቅን አላውቅም። መጨረሻ ላይ ዙፋን ጮኸች፤ «አሰለፈች! ታይላንድ! ክፍል ሁለት ግቢ! ሦስት ደቂቃ!»

የክፍል ሁለት በር ገጥሞ አይዘጋም። የስልኩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ። አንዲት ሴት እንደ ዜማ በሚለሰልስ ቋንቋ የሆነ ነገር አለች። እኔ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ግዛቸው! ግዛቸው!» አልኩ። ሴትየዋ ሳቀች። ወዲያው እንደ ቤተ ክርስቲያን ማይክራፎን የሚያስተጋባ ድምፅ ተነሣ፤ ስሙን በራሳቸው ዜማ እያስረዘሙ በመንደሩ ሁሉ ላይ ይጠሩ ጀመር። ከሥሩ የሕዝብ ጫጫታ፣ የሕፃናት ጩኸት፣ የውሃ ድምፅ ይሰማል።

«አንድ ደቂቃ ሄደ!» አለች ዙፋን።

በመጨረሻ እያለከለከ መጣ። «አቤት! ከኢትዮጵያ? ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! አሰለፈች ነኝ!»

ሽቦው ብቻ ይጮኻል።

«ግዛቸው? ትሰማኛለህ? እንዳትፈርም!»

«ምን አትፈርም አለችው?» የሚል ድምፅ ከሰልፉ ሰማሁ። ወለተሥላሴ «ዝም በሉ፣ እንስማበት!» አለች።

«አሰለፈች» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ደብዳቤዬ ደረሰሽ? ዘጠኝ ወር ሙሉ...»

«ስማኝ፣ ጊዜ የለኝም። ዋሽቼህ ነበር። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። አንዲት ፊደል እንኳ አልለይም ነበር። አሁን ግን አነበብኩት፤ ሰኞ ዕለት።»

«ማን አነበበልሽ?»

«ራሴ!» ብዬ ጮህኩ። «ራሴ አነበብኩት ግዛቸው! ክሩንም፣ አሮጊቷንም፣ ሆድህንም!»

ከወዲያ ማዶ የሳቅና የለቅሶ ድብልቅ ሰማሁ። ከዚያ ድንገት ቆመ። «ቆይ... የድሮዎቹንስ? ሁሉንም ማን ነበር የሚያነብልሽ?»

«ኮከብ።»

«ኮከብ! ወይኔ ጉዴ! ሁሉንም?»

ኮከብ በበሩ ስንጥቅ አንገቷን አስገባች። «ዘልዬዋለሁ ጋሽ ግዛቸው! አይዞዎት፣ ዘልዬዋለሁ!»

«ሠላሳ ሰከንድ!» አለች ዙፋን፤ እሷም ከወንበሯ ተነሥታ ነበር።

«አሰለፈች» አለ፤ አሁን ድምፁ የረጋ ነበር፤ ማር ቀምሶ ዝም ከሚልባት ከዚያች ሰዓት በኋላ የሚናገረው ድምፅ። «ጥያቄውን አንብበሻል። መልሱን ከአፍሽ ልስማ።»

ዞር አልኩ። በሩ ክፍት ነው። ሰልፉ ሰልፍነቱን ትቶ በሩን ከቧል። ጆሮዬ ነደደ። «ሰው አለ» አልኩ በሹክሹክታ።

«እዚህም ሰው አለ። መንደሩ በሙሉ ነው ያለው፤ ሁሉም ርሶ ከላዬ ላይ ቆሟል። ማን እንደሆንሽ ያውቃሉ። በዪ፣ እየጠበቁሽ ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ባሌን ስቀብር እንኳ ለቅሶዬ በዛ እንዳይሉኝ የተጨነቅሁ። ልጄን ፈለግኳት። ኮከብ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ ራሷን ከላይ ወደ ታች ትነቀንቃለች። «በዪው እማዬ» አለች። «እኔ አልዘልልም፣ አንቺም አትዝለዪው።»

«እሺ!» አልኩ።

«አልሰማሁሽም!»

«እሺ ብያለሁ! አገባሃለሁ! ከፋሲካ በኋላ ና!»

የዙፋን እልልታ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ደረሰ፤ ወለተሥላሴ ተቀበለቻት። በእጀታው ውስጥ ደግሞ ግዛቸው በዚያ በለስላሳው ቋንቋ ሁለት ቃል ሲናገር ሰማሁ። ከዚያ ያ ሩቅ መንደር፣ ስሙን እንኳ በትክክል መጥራት የማልችለው፣ እንዳለ ፈነዳ፤ ጩኸት፣ ከበሮ፣ የማይክራፎን ጋጋታ፣ ወዲያውም አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ፣ የግዛቸው «ቆይ! ስልኩ! ስልኩን!» የሚል ሳቅ፣ ከዚያም ጭር አለ።

«ተቋረጠ» አለች ዙፋን እየተነፈሰች። «ሦስት ደቂቃው ገና ነበር። አዲስ አበባን ልጥራልሽና ይድገሙልሽ? ሰምቶሽ ይሆን?»

እጀታውን ደረቴ ላይ አድርጌው ነበር። እንደ ሕፃን ሞቅ ብሏል።

ጋሽ ገብረሚካኤል ኮፍያቸውን አውልቀው ከሰልፉ ፊት ቆመው ነበር፤ ልጃቸውን ሊያናግሩ መምጣታቸውን የረሱ ይመስላሉ። «ሰምቷታል እንጂ!» አሉ። «እኛ ከውጭ የሰማነውን እሱ እንዴት ሳይሰማው ይቀራል!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አፌን በነጠላ ሳልሸፍን።